ሽጉጥ ከመሸጎጥ በፊት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ባለፈቃድ የመሣሪያና የማኅደር አመራረጥ

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የሚሸጎጥ መሣሪያ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ስሙን እንደ ትእዛዝ ተቀብለን፣ ሱሪያችንን ሳብ አድርገን ሆዳችን ሥር ወይም ጀርባችን ላይ ራቁቱን እየወሸቅን ኖረናል። እኔም ኮምቦልቻ በእህል ንግድ ላይ ሳለሁ ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ ይዤ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ስወርድ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የያዝኩት ያለ ማኅደር (ሽጉጥ የሚከተትበት የወገብ አፎት) ነው። አንድ ምሽት ደሴ ቤቴ ገብቼ ጃኬቴን ላወልቅ ስል የሆነ ነገር ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጃኬቱ ወገብ ማጥበቂያ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ካለችው የፕላስቲክ ፍሬ ጋር፣ ምላጩን በሚከበው ቀለበት ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሟል። ጥይት አልጎረሰም ነበርና ምንም አልሆነም። የሦስት ዓመት ልጄ ግን እግሬን አቅፋ ቆማ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡን ያገኝና ማኅደሩን ኋላ ይፈልጋል፤ ወይም ጭራሽ አይፈልግም። እኔ የምለው ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ቁጠሯቸው ነው። የሚገጥመው ማኅደር ያልተገኘለት ሽጉጥ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ወገብ ላይ አይዋል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ አስሮታል። ፈቃዱ ለእናንተ፣ ለዚያው ለአንዱ ሽጉጥ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ኬላ ላይ ሳይሆን ፈቃድ የሰጣችሁ ፖሊስ ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ። ለወንድም፣ ለአጎት ልጅ «ለአንድ ቀን» ማዋስ የሚባል ነገር የለም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ በመጣ ጊዜ ብዙ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፤ ከማን እንደመጣ፣ ምን እንደተሠራበት የማይታወቅ ሽጉጥ ቢያቀርቡላችሁ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ።

ፈቃድ ሲሰጣችሁ በቃል ጠይቁ፦ የት ይዞ መሄድ ይከለከላል? የሰዓት እላፊ ወይም ልዩ ክልከላ ሲታወጅ ምን ይደረጋል? ይህ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያምናው መልስ ለዘንድሮ አይበቃም።

ቀናችሁን መዝኑ

የኛ አገር ችግር ለየት ያለ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጧት ጧት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ኮትና ሹራብ ያስደርባል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር የምትሆነውን መንገድ ወርዳችሁ አራት ሰዓት ላይ ቦርከና ወንዝ ዳር ስትደርሱ ኮቱ ይወልቃል፤ ስስ ሸሚዝ ብቻ ይቀራል። በደሴ ኮት ሥር የተሰወረው ሽጉጥ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ በኩል ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው ይህንን ሲያውቅ እጁን ደጋግሞ ወደ ወገቡ ይሰዳል፣ ሸሚዙን ይጎትታል። ያ እጅ ከቅርጹ ይልቅ ያጋልጣል።

ስለዚህ መሣሪያም ማኅደርም የምትመርጡት በቀናችሁ ውስጥ ቀጭኑን ልብስ በለበሳችሁበት ሰዓት ልክ ነው። በደሴ ኮት የመረጠ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ይቸገራል፤ በኮምቦልቻ ሸሚዝ የመረጠ ግን ሁለቱም ጋ ይሆንለታል። ቤት ውስጥ ሽርጥ የምታገለድሙ ደግሞ አስቡበት፤ ሽርጥ ቀበቶ አይሸከምም። ሽርጥ ሲታጠቅ ሽጉጡ የተቆለፈበት ቦታ መግባት አለበት፣ ትራስ ሥር አይደለም።

ሽጉጡ

ምርጫችን ሰፊ አይደለም። እጃችን ላይ በብዛት የሚገኙት አሮጌዎቹ የምሥራቅ ሽጉጦች (ማካሮቭና ቶካሬቭ)፣ አንዳንድ የጣሊያንና የአሜሪካ፣ ኋላም የቱርክ ሥራ ናቸው። ቢሆንም ካለው መምረጥ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አፈሙዙን እያየ ነው። አፈሙዝ ወደ ሱሪ ውስጥ ይወርዳል፤ ረዘም ቢል እንኳ አይታይም። ልብስን ገፍቶ የሚወጣው እጀታው ነው። ሁለት ሽጉጥ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የእጀታውን ቁመት፣ ቀጥሎ ውፍረቱን፣ ከዚያ ክብደቱን፣ መጨረሻ ላይ ርዝመቱን እዩ። በሌላ በኩል እጀታው በጣም አጥሮ ትንሿ ጣት አየር ላይ የምትንሳፈፍ ከሆነ፣ ሲተኮስ እጅ ውስጥ አይረጋም። ሦስቱ ጣቶች ከምላጩ ቀለበት ሥር ጥብቅ ብለው ካረፉ ይበቃል።

ማካሮቭ ለዚህ ጉዳይ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ርዝመቱ 161 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 730 ግራም ገደማ፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ሴፍቲውን፣ ማለትም ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚዘጋውን ቁልፍ፣ ወደ ላይ ስትገፉት ከኋላ ያለውን መዶሻ ራሱ በደህና ያወርደዋል፤ መጀመሪያ የሚተኮሰውም በረጅምና ጠንካራ የምላጭ ጉዞ ስለሆነ በቀላሉ አይባርቅም። ጉድለቱ የካዝና መልቀቂያው እጀታው ግርጌ መሆኑ ነው፤ በአንድ እጅ አይሆንም። ለዕለት መያዣ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ካዝናው ሳይታሰብ አይወድቅም።

ቶካሬቭ ቀጭን ነውና ይደበቃል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ግን መደበኛው ሥሪት የእጅ ሴፍቲ የለውም፤ ያለው መዶሻውን በግማሽ መንገድ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ያ ጥርስ በአሮጌ ሽጉጥ ላይ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። መዶሻው ወርዶ ጥይት የጎረሰ ቶካሬቭ መሬት ላይ በመዶሻው በኩል ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ቶካሬቭ ያላችሁ ጥይት ሳታጎርሱ ያዙ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ቤሬታ 92 ጥሩ መሣሪያ ነው፤ 217 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት፣ 15 ጥይት የሚይዝ ወፍራም እጀታ አለው። በሸሚዝ ሥር አይሆንም። ኮልት 1911 ባዶውን 1.1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዚያም በላይ መዶሻው ተነስቶ ሴፍቲው ተዘግቶ እንዲያዝ የታሰበ ስለሆነ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። እንደ ግሎክ 19 ያሉት ዘመናዊዎቹ ቀላልና አስተማማኝ ናቸው፤ ነገር ግን ውጭ ላይ የሚዘጋ ሴፍቲ የላቸውም፣ ከውጭ የሚታየው መከላከያቸው ምላጩ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ናት። ምላጩን የተጫነ ነገር ሁሉ፣ ጣት ይሁን ገመድ ይሁን የሸሚዝ ጫፍ፣ ያተኩሳቸዋል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ያለ ጠንካራ ማኅደር ለአንድ እርምጃ እንኳ አይያዝ።

መሣሪያ ለምትቀይሩ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የማካሮቭ ሴፍቲ ወደ ላይ ሲሆን ይዘጋል፤ የአብዛኞቹ የቤሬታ 92 ሥሪቶች ወደ ታች ሲሆን ይዘጋል። ዓመታት በማካሮቭ የለመደ አውራ ጣት ቤሬታ ላይ የዘጋ መስሎት ይከፍታል። አዲስ ሽጉጥ ከያዛችሁ ቢያንስ ለአንድ ወር በየማታው ባዶውን እያወጣችሁ እየመለሳችሁ ጣታችሁን አስተምሩት።

የቱርክ ሲባል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። አንደኛው በትክክል ለጥይት የተሠራ ሽጉጥ ነው። ሌላው ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራና ኋላ አፈሙዙ ተበስቶ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረ ነው። የሁለተኛው አካል በአብዛኛው ከብረት ሳይሆን በቅርጽ ከፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት አይችልም፤ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ስታዩ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ከሌለ ወይም የመሰርሰሪያ ጭረት ከታየ አትንኩት።

ስለ ጥይት አጭር ነገር

«ዘጠኝ ሚሊ» የሚባለው አንድ ጥይት አይደለም። የማካሮቭ 9×18 ነው፤ የቤሬታ 92ና የግሎክ 19 ደግሞ 9×19። በስም አንድ ይምሰሉ እንጂ የማካሮቭ እርሳስ (ተወርዋሪው ጫፍ) ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሌላው 9.02 ገደማ ነው። 9×17 የሚባል ሦስተኛም አለ። አንዱ በሌላው አይተካም። ሽጉጡ ላይ የተቀረጸውን ከጥይቱ ጋር አስተያዩ፤ የዛገ፣ የጎደጎደ፣ እርሳሱ የሚነቃነቅ ጥይት ካዝና አይግባ።

ማኅደሩ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ጥሩ ማኅደር አራት ነገር ማሟላት አለበት፤ አንዱ ከጎደለ ሌላው አያካክሰውም።

ምላጩንና ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ ይህ አንደኛው ነው። ሽፋኑ ጠንካራ ይሁን፤ ከውጭ በጣታችሁ ስትጫኑት ምላጩ የሚሰማችሁ ከሆነ ሽፋን አይደለም። ሁለተኛው፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት። ስስ ቆዳ ሲያረጅ አፉ ይታጠፋል፤ ሽጉጡን ስትመልሱ የታጠፈው ቆዳ ወደ ቀለበቱ ገብቶ ምላጩን ይጫናል። በዚህ ምክንያት ጭናቸውን ያቆሰሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ሦስተኛ፣ ሽጉጡን ይዞ መቆየት አለበት፦ ሲገለበጥ የማይወድቅ፣ ሲጎተት የሚወጣ። አራተኛ፣ ሽጉጡ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ እጀታውን ሙሉ በሙሉ መጨበጥ ማስቻል አለበት። ግማሹ እጀታ ከተሸፈነ ሰው መጀመሪያ በጣት ጫፍ ጎትቶ ኋላ ያስተካክላል፤ ያን ጊዜ ጣት ምላጭ ላይ ያርፋል።

ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው የላስቲክ ጨርቅ ማኅደር ከነዚህ አንዱንም በቅጡ አያሟላም። ርካሽ ነው፣ ላብ ይጠጣል፣ ይለጠጣል። አይሆንም ብዬ እቆርጣለሁ።

ምርጫው ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ወፍራም ቆዳ ነው። በሙቀት ተጨምቆ በሽጉጡ ቅርጽ ልክ የሚወጣው ፕላስቲክ ላብ አይነካውም፣ አይታጠፍም፤ ለኮምቦልቻ ሙቀት እሱ ይሻላል። ጉዳቱ ከሌላ አገር ካልመጣ አለመገኘቱ፣ ለአንዱ የተሠራውም ለሌላው አለመሆኑ ነው።

ቆዳ ግን አገራችን ነው። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ደሴም ጫማና ቀበቶ የሚሠሩ እጀ ብርቱ ሰዎች አሉ። ስታሠሩ ግን የቆዳውን ዓይነት ለዩ። ለጃኬትና ለጫማ የሚለፋው ቆዳ በአብዛኛው በክሮም ነው የሚለፋው፤ ለስላሳ ነው፣ ቅርጽ አይዝም፣ ውስጡ የሚቀረው ጨውም ብረት ያዝጋል። የምትፈልጉት በዛፍ ልጥና በቅጠል የለፋውን ጠጣር ቆዳ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጠርዙን በስለት ቁረጡት፤ መሐሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ካደላ ክሮም ነው፣ እስከ ውስጡ ቡናማ ከሆነ የፈለጋችሁት ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ሽጉጡን ይዛችሁ ሱቅ አትሂዱ። ሰው በተሰበሰበበት ሱቅ ጠረጴዛ ላይ መሣሪያ መዘርጋት ራሱ አደጋ ነው፤ ማን ምን እንደያዘም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። ጥይቱን አራግፌ ሽጉጡን ወረቀት ላይ በእርሳስ አዞርኩበት፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ ከዚያ ከእንጨት አምሳያውን አስጠረብኩ። ባለሙያው እንጨቱን ይዞ ሰፋ። ቆዳውን ውሃ ነክሮ እንጨቱ ላይ ጨምቆ በጥላ አደረቀው፤ ፀሐይ ላይ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ሁለት ቀን ወሰደ። አፉ ዙሪያ ሁለተኛ ድርብ ቆዳ እንዲሰፋበት ጠየቅኩት፤ ያ ድርብ ነው አፉን ክፍት አድርጎ የሚይዘው። ይኸው ማኅደር አሁንም አብሮኝ አለ።

ወገብ ላይ የት?

ቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ከሱሪ ውስጥ፣ ከቀኝ ዳሌ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ከሁሉ ይስማማል። እጀታው በትንሹ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ተደርጎ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ አይወጣም። ከሆድ በታች ፊት ለፊት መያዝ ፈጣን ነው ይላሉ፤ ግን አፈሙዙ ወደ ጭንና ወደ ብልት ያያል፣ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቡና ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ሆድ ይወጋል። መሐል ጀርባ አከርካሪ ላይ አታድርጉ፤ ጀርባችሁን ብትመቱ አጥንት ይሰብራል። ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰር በደሴ አቀበት ላይ ለሚውል ሰው ስቃይ ነው።

ቀበቶው የማኅደሩ ግማሽ ነው። ስፋቱ ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በቁመቱ ሲጠመዘዝ እሺ የማይል ድርብ ቆዳ ይሁን። ቀጭን የሠርግ ቀበቶ ላይ የተሰካ ማኅደር ወደ ውጭ ይንጋደዳል፤ ሽጉጡም በሸሚዝ ላይ ይታያል። ሱሪውን ከወትሮው አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ።

ቤት ውስጥ መሞከር

ይህን ያለ ጥይት ታደርጋላችሁ። ካዝናውን አውጡ፣ ላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ጎትታችሁ መጉረሻውን፣ ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ፣ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳብሱ። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ከዚያ፦

ማኅደሩን ሽጉጡ እንዳለበት አልጋ ላይ ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ከወደቀ አይሆንም። ታጥቃችሁ ለጫማ ማሰር ጎንበስ በሉ። ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ። የምትሰግዱ ከሆነ ሩኩዕና ሱጁድ አድርጉ፤ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሌላ ሰው ያይላችሁ። ከላይ መደርደሪያ ዕቃ አውርዱ። ባጃጅ ውስጥ እንደምትቀመጡ ጠበብ ባለ ቦታ ተቀመጡ። ይህን አንድ ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ ከዋላችሁበት በኋላ ምኑ ጋ እንደሚቆረቁር ታውቃላችሁ፤ ለሰፋው ባለሙያ መልሳችሁ ታስተካክላላችሁ። የጃኬቶቻችሁን ማጥበቂያ ገመድ ሁሉ ቁረጡ። የጋቢ ዘርፍም ያው ገመድ ነው።

ሽጉጥ ስትመልሱ መቸኮል የለም። ሸሚዙን በግራ እጅ ከፍ አድርጉ፣ ጣታችሁ ከቀለበቱ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቆይ፣ ዓይናችሁ የማኅደሩን አፍ ይይ፣ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። እንደ ማካሮቭ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው የሚነሳ ከሆነ አውራ ጣታችሁን መዶሻው ላይ አሳርፉ፤ የሆነ ነገር ምላጩን ቢጫን መዶሻው ሲነሳ ይሰማችኋል። ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ ይውደቅ። የሚወድቅ ሽጉጥ ለመቅለብ የሚዘረጋ እጅ ምላጩን ይይዛል።

መንገድ ላይ

ሚኒባስ ውስጥ በአንድ ወንበር አራት ሆናችሁ ስትጠጋጉ ጎረቤታችሁ ብረቱን በጎኑ ያውቀዋል። ሽጉጡ ያለበት ጎን ወደ መስኮቱ እንዲሆን ቦታ ምረጡ፤ ካልተገኘ ቀጣዩን መኪና ጠብቁ።

ኬላ ላይ እጃችሁ ይታይ። ፈታሹ ከመንካቱ በፊት በተረጋጋ ድምፅ «ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ቀኝ ወገቤ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ደረት ኪሴ ነው» በሉ፤ ከዚያ እሱ የሚላችሁን ጠብቁ። ወረቀቱን ከሽጉጡ ጋር በአንድ ጎን አታድርጉ፤ ወረቀት ልታወጡ የላካችሁትን እጅ ሌላ ነገር እንዳይመስለው ነው።

መስጊድም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም ይዛችሁ አትሂዱ። መጠጥ ያለበት፣ በርጫ የሚዘረጋበት ቤት እንዲሁ። ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስን በተመለከተ ደግሞ፣ ወደ ላይ የሄደ ጥይት አንድ ሰው ላይ ይወርዳል። የኛ ሰፈሮች ተዳፋት ላይ ናቸው፤ ከላይ ሰፈር የተተኮሰ ታች ሰፈር ይደርሳል። ከቤት ሲወጣ መሣሪያውን ቤቱ የተወ ሰው ይህን ጣጣ አያውቀውም።

ቤት ስትገቡ

በር ላይ ጫማ ሳታወልቁ በፊት የሽጉጡን ጉዳይ ጨርሱ። ወደ ወፍራም ግድግዳ ወይም ወደ መሬት አዙራችሁ ካዝናውን አውጡ፣ መጉረሻውን እዩ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ መጀመሪያ ካዝና፣ ኋላ መጉረሻ። ሲገለበጥ ከካዝናው ሌላ ጥይት ይጎርሳል፤ «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ የሚባርቀው እንዲህ ነው።

ላብ የነካውን ብረት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በስሱ ዘይት ቀቡ። ኮምቦልቻ የዋለ ሽጉጥ በበጋም ይህን ይፈልጋል፤ በደሴ ክረምት ደግሞ ቆዳው ራሱ እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ ሽጉጡን ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አታሳድሩ። ማኅደሩ ሚስማር ላይ ይሰቀል፣ ሽጉጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሚቆለፍ የብረት ሳጥን ይግባ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ሌላ ቦታ ይሁን።

ቁልፉን የት እንደማደርገው ልጄ አታውቅም። አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ማኅደሩ ሚስማሩ ላይ ባዶውን ሲሰቀል ካየች አባቷ እንደገባ ታውቃለች።